ያወቀችውን ማን ይመስክርላት? በ«ትዋይላይት ዞን» ድራማ ውስጥ ስለሚገኙ ጥቂት ሴት ገጸ ባሕርያት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥነ ጽሑፍ ሂስ መግቢያ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ከወደዱት ድርሰት አንድ ገጸ ባሕርይ መርጠው እንዲተነትኑ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ድርሰቱ የግድ መጽሐፍ መሆን የለበትም፤ ተውኔትም ፊልምም ይቻላል ብዬ ነበር። አብዛኞቹ እንደተለመደው ከታወቁት ልብ ወለዶቻችን መርጠው መጡ። አንዲት ተማሪ ግን ስለ አንዲት ስም የለሽ የገጠር ሴት ጽፋ አቀረበች። ሴትዮዋ የተወሰደችው ከአንድ የቆየ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አትናገርም። ተማሪዋ ይህችን ሴት «የተሟላች ገጸ ባሕርይ» ብላታለች። እኔ ደግሞ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ስምም፣ የኋላ ታሪክም፣ ምልልስም የሌላት ሰው እንዴት የተሟላች ትባላለች?» ብዬ ጽፌ «ሲ» ሰጠኋት። ድራማውን አላየሁትም ነበር።

ድራማውን ያየሁት ልጅቷ ተመርቃ ከሄደች በኋላ ነው። አሜሪካ የሚኖር ዘመዴ ለእረፍት ሲመጣ ሙሉውን ስብስብ በዲስክ አመጣልኝ፤ በአንድ ክረምት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ተመለከትኩት። ሴትዮዋ ያለችበት ክፍል ላይ ስደርስ በኅዳጉ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ትዝ አለኝና አፈርኩ። የጥያቄው መልስ እዚያው ድራማው ውስጥ ነበር። ይህ ጽሑፍ በአንድ በኩል ከዚያ ወረቀት ጋር የምከራከርበት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በዚህ ድራማ ውስጥ ከወደድኳቸው ሴት ገጸ ባሕርያት ጥቂቶቹን አንባቢ እንዲተዋወቃቸው የምጋብዝበት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ትዋይላይት ዞን» (በአማርኛ «የድንግዝግዝ ቀጣና» ልንለው እንችላለን) ከ1959 እስከ 1964 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን በአምስት ዙር የቀረበ፣ 156 ክፍሎች ያሉት ድራማ ነው። ፈጣሪው ሮድ ሰርሊንግ ሲሆን ከክፍሎቹ 92ቱን የጻፈውም እሱ ራሱ ነው። ከቀሩት አብዛኞቹን ሪቻርድ ማቲሰን፣ ቻርልስ ቦሞንትና ሌሎች ጥቂት ደራስያን ጽፈዋቸዋል። በተለምዶ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይባል እንጂ ከሳይንሱ ይልቅ ወደ ተረትና ወደ ሰቀቀን የሚያደላበት ጊዜ ይበዛል። ለሂስ የሚመቸው ዋናው ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ክፍሎቹ በገጸ ባሕርይም በታሪክም አይያያዙም። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ነው፤ በሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ተጀምሮ ያልቃል። አራተኛው ዙር ብቻ 18 የአንድ ሰዓት ክፍሎች ነበሩት፤ በእኔ ግምት ከዙሮቹ ሁሉ የላላው እሱ ነው። ስለዚህ ይህን ድራማ ስናይ ልንዘነጋው የማይገባን የአጭር ልብ ወለድ ሕግ ነው፤ ገጸ ባሕርይን ለመቅረጽ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንድ አካላዊ እንቅስቃሴ የአንድ ምዕራፍ ገለጻ ያህል መሥራት አለበት።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ድራማው ተራኪ አለው። ሰርሊንግ ራሱ በመጀመሪያው ዙር በድምፅ ብቻ፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ደግሞ ከትዕይንቱ ዳር በአካል ቆሞ፣ ባለታሪኩን በስሙ፣ ብዙ ጊዜም በዕድሜውና በሥራው ያስተዋውቀናል፤ በመጨረሻም ተመልሶ ይዘጋዋል። ሁሉን አወቅ ተራኪ ማለት እንዲህ ነው፤ ባለታሪኩ ከሚያውቀው በላይ ያውቃል፣ ፍርዱንም አስቀድሞ ይሰጣል። ባለታሪኩ ሴት ስትሆን ግን ይህ ትውውቅ ብዙ ጊዜ ይጠባል። ተራኪው በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር «እንዲህ ዓይነት ሴት ናት» ይለናል፤ ሴትዮዋ ደግሞ በሃያ አምስቱ ደቂቃ ውስጥ ከተባለላት በላይ ሆና ትገኛለች። እኔ የወደድኳቸው ሁሉ ከተራኪው ገለጻ ያመለጡቱ ናቸው።

ይህን ስል ድራማው ለሴቶች የተለየ ክብር ነበረው ማለቴ አይደለም። የነዝናዛ ሚስት ሥዕል እስኪሰለች ድረስ ይደጋገምበታል። እጅግ ከታወቁት ክፍሎች በአንዱ፣ የንባብ ፍቅር ያደረበት አንድ የባንክ ሠራተኛ ሚስት የባሏን የግጥም መጽሐፍ ገጾች በሙሉ በቀለም ሰርዛ ታነብልኝ ዘንድ እፈልጋለሁ ብላ ታቀርብለታለች። ትዕይንቱ ያማል፤ ሴትዮዋ ግን ለባሏ ሥቃይ የተፈጠረች መሣሪያ እንጂ ሰው አይደለችም፤ ለምን እንዲህ እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። በካሜራው ጀርባም ቢሆን ሴቶች ጥቂት ናቸው። ከ156ቱ ክፍሎች ሴት ያዘጋጀችው አንዱን ብቻ ነው፤ እሷም አይዳ ሉፒኖ ናት፣ በ1964 የቀረበውን «ጭምብሎቹ» የተባለውን ክፍል። ይኸው ይበቃል፤ ጉዳዬ ከዚህ ሁሉ መካከል እየሾለኩ ስለወጡት ነው።

በ1960 ከቀረበው «የመስተዋት ምስል» ከተባለው ክፍል ልጀምር። ሚሊሰንት ባርንስ (ቬራ ማይልስ) በኅዳር ወር ዝናባማ ሌሊት በአንድ የአውቶብስ መናኸሪያ ተቀምጣ የዘገየ አውቶብስ ትጠብቃለች። ተራኪው ሲያስተዋውቃት የሃያ አምስት ዓመት ወጣት እንደሆነች፣ ምናብ የማያጠቃት፣ በከንቱ የማትሸበር፣ ጭንቅላቷ በትከሻዋ ላይ የተደላደለ የምትባል ዓይነት ሠራተኛ ሴት እንደሆነች ይነግረናል። ውዳሴ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ ፌዝ አለበት። ቀጥሎ ጭንቅላቷ ይፈተናል። አውቶብሱ መቼ ይመጣል ብላ ብትጠይቅ ትኬት ቆራጩ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል ብሎ ይቆጣታል፤ እሷ ግን ገና አሁን መጠየቋ ነው። ሻንጣዋን ከወንበሯ አጠገብ አስቀምጣለች፤ ያው ሻንጣ፣ እጀታው ላይ ያለው ስብራት ሳይቀር፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ቅድም መጥተሽ ነበር ትላታለች። በመጨረሻ በመስተዋቱ ውስጥ፣ በበሩ በኩል፣ ራሷን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች።

እዚህ ላይ ሚሊሰንትን የወደድኩበት ምክንያት መፍራቷ አይደለም፤ ማሰቧ ነው። ማስረጃ ትሰበስባለች፤ ታመሳክራለች፤ ከዚያም ከዚህ ዓለም ጎን ለጎን ስላለ ሌላ ዓለም የሰማችውን አስታውሳ፣ የዚያኛው ዓለም እኔ በእኔ ቦታ ልትገባ ነው የሚል መላ ምት ታቀርባለች። መላ ምቱ እብደት ይመስላል፤ ነገር ግን የተገኙትን ማስረጃዎች ሁሉ የሚያብራራ ሌላ የለም። አብሯት የሚጠብቀው ፖል የተባለው ወጣት ደግ ሰው ነው፣ ያጽናናታል፣ የሚረዳኝ ወዳጅ ልጥራልሽ ይላታል፤ ከዚያም ለፖሊስ ይደውላል። ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ይሄዳሉ። እሷ ከሄደች በኋላ ፖል የራሱን ሻንጣ ሲወስድበት የሚያየው ሰው ራሱን ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ ፍጻሜ ድክመትም ብርታትም አለው። ድክመቱ፣ ሴቷ ትክክል እንደነበረች የሚረጋገጠው ወንዱ ሲያየው መሆኑ ነው፤ የእሷ ዓይን ብቻውን ለድራማው አልበቃም። ብርታቱ ደግሞ ፖል ምስክር በሆነበት ቅጽበት ምስክር የሚሆነው ሰው ማጣቱ ነው። ሊያምነው የሚችለው ብቸኛ ሰው እሱ ራሱ አሳልፎ የሰጣት ሴት ናት። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም፤ ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ግን የእሱ ሩጫ ሳይሆን ባዶው ወንበር ነው።

ናን አዳምስ ከዚህ በጣም ትለያለች። «ሊፍት ጠያቂው» (1960) መጀመሪያ የተጻፈው ለራዲዮ ነው፤ ጸሐፊዋ ሉሲል ፍሌቸር ስትሆን በ1941 ኦርሰን ዌልስ ተጫውቶታል። የራዲዮው ባለታሪክ ወንድ ነበር። ሰርሊንግ ለቴሌቪዥን ሲያዘጋጀው ወደ ሴት ለወጠው፤ ኢንገር ስቲቨንስም ተጫወተችው። ናን የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት፤ በኒውዮርክ ለአንድ ትልቅ መደብር ዕቃ ገዢ ሆና ትሠራለች፤ ለእረፍት መኪናዋን እየነዳች ብቻዋን ወደ ሎስ አንጀለስ ትጓዛለች። ፔንሲልቫንያ ላይ ጎማ ይፈነዳባታል። ከዚያ ጀምሮ አንድ አሮጌ ልብስ የለበሰ ሰው አውራ ጣቱን አውጥቶ በየመንገዱ ዳር ቆሞ ታየዋለች። በፈጣን መኪና ትታው ትሄዳለች፤ ከፊቷ ቆሞ ታገኘዋለች።

የጾታው ለውጥ ቀላል ነገር አይምሰለን። ወንድ ነጂ በምድረ በዳ መንገድ የማያውቀውን ሰው ቢፈራ ፍርሃቱን ማስረዳት ይኖርበታል፤ ብቻዋን የምትነዳ ሴት ግን ማስረዳት አያሻትም፣ ተመልካቹ ራሱ ምክንያቱን ያቀርብላታል። እናም ተመልካቹ ይሳሳታል። ሰውየው የሚያስፈራት ተመልካቹ በገመተው ምክንያት አይደለም፤ ሰውየው ሞት ነው፣ ናን ጎማው በፈነዳ ጊዜ ሞታለች። ወደ ቤቷ ስትደውል የማታውቃት ሴት ስልኩን አንሥታ እመቤቲቱ ልጃቸው ከስድስት ቀን በፊት በመኪና አደጋ ስለሞተችባቸው ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን ትነግራታለች። ሰርሊንግ አንድን ወንድ ወደ ሴት በመለወጡ ብቻ የተመልካቹን የተለመደ ግምት ወጥመድ አድርጎ ተጠቅሞበታል።

ከዚህም በላይ ናን በድራማው ካሉት ሴቶች የማይገኝ መብት አላት፤ ራሷ ተራኪ ናት። ሰርሊንግ መግቢያውን ይናገር እንጂ ከዚያ በኋላ የጉዞውን ታሪክ የምንሰማው በናን የውስጥ ድምፅ ነው። ሁለቱ ተራኪዎች ይለያያሉ፤ የእሱ ሥራዋንና መድረሻዋን ያውቃል፣ የእሷ ግን የፍርሃቱን መጠን ይለካል። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ድምፅዋ ይለወጣል። ፍርሃቱ ጠፍቶ ባዶነት ብቻ ይቀራል፤ ስሜት ሁሉ ከውስጧ ተንጠፍጥፎ እንደወጣ ሰው እየተናገረች ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ድንጋጤው በጩኸት ሳይሆን በእንዲህ ዓይነት ጸጥታ እንዲደመደም ማድረግ በሃያ አምስት ደቂቃ ድራማ የሚደፈር ነገር አይደለም።

ሰውየው በመኪናው የኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚላት አንድ ነገር አለ፤ መንገዳቸው አንድ ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታል። ይህን ለተማሪዎቼ በአማርኛ ስተርክ ተቸግሬያለሁ። እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም፣ ለታናሽም ለታላቅም አንድ ነው። የእኛ ግሥ ግን ዝም ብሎ አያልፍም፤ ሞት ናንን «አንቺ» ይላታል ወይስ «እርስዎ»? መንገድ ዳር የቆመ እንግዳ ሰው መኪና የምትነዳ ወይዘሪትን «አንቺ» ቢል ድፍረት ነው፤ ያን ጊዜ ሞት ባለጌ ይሆናል፣ ፍርሃቱም ተራ ፍርሃት ይሆናል። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «እርስዎ» አልኩት። ክፍሉ ዝም አለ። ትሕትናው ከድፍረቱ የባሰ እንደሚያስፈራ እኔም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ጃኔት ታይለር ብዙ ስለተባለ በአጭሩ ላንሣት። «የተመልካች ዓይን» (1960) ፊቷ በፋሻ የተጠቀለለ ታካሚን ታሪክ ያቀርባል። አስቀያሚነቷን ለማስተካከል ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ይህም ካልተሳካ ከመሰሎቿ ጋር ተለይታ ወደምትኖርበት ስፍራ ትላካለች። ፋሻው ሲፈታ የምናየው እጅግ ቆንጆ ፊት ነው፤ አስቀያሚ የሆኑት ሐኪሞቹና ነርሶቹ ናቸው። ሁሉም የሚያወሳው ይህን ግልባጭ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን አጋማሽ እመርጣለሁ። በፋሻው ውስጥ ያለችው ማክሲን ስቱዋርት ናት፤ ፊት የላትም፣ ያላት ድምፅና እጅ ብቻ ነው። በዚህ ብቻ መስኮት ትለምናለች፣ ነፋስና የአበባ ሽታ ትናፍቃለች፣ ቀጥሎም ተቆጥታ መንግሥት ማን ስለሆነ ነው ይህን ሕግ የሚያወጣው ብላ ሐኪሙን ትሞግታለች። ፋሻው ሲፈታ ሌላ ተዋናይት፣ ዶና ዳግላስ፣ ትተካታለች፤ ፊቱ መጣ፣ ክርክሩ ግን ሄደ። ቆንጆዋ ጃኔት ትሮጣለች፣ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻም የአንድ መልከ መልካም ወንድ እጅ ይዛ ትወጣለች። አዘጋጁ ዳግላስ ሄይስ የሐኪሞቹን ፊት በጥላና በካሜራ አንግል እስከ መጨረሻው በመደበቁ ይመሰገናል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ፊት በሌላት ጊዜ የበለጠ ሰው ነበረች።

ከአራት ዓመት በኋላ የመጣችው ማሪሊን ይህን ጉድለት የምታስተካክል ትመስለኛለች። «ቁጥር 12 አንቺን ትመስላለች» (1964) በቦሞንት አጭር ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ተራኪው ታሪኩን በ2000 ዓመተ ምሕረት ገደማ ያስቀምጠዋል፤ ያ ዓመት ለእኛ ካለፈ ቆይቷል። በዚያ ዓለም እያንዳንዱ ወጣት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ከተወሰኑ የውበት ቅጾች አንዱን መርጦ ይለወጣል። ማሪሊን (ኮሊን ዊልኮክስ) አልለወጥም ትላለች። ማንም አያስገድዳትም፤ እናቷ፣ ጓደኛዋ፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም ፈገግ እያሉ ለምን እንደዚህ እንደምታስብ ያዝናሉ። የሞተው አባቷ የተከለከሉ መጻሕፍት ይሰጣት ነበር፤ የምትከራከረው እነዚያን ባነበበ አእምሮ ነው፣ ሁሉም አንድ ከመሰለ ማንም ምንም አይደለም እያለች። በመጨረሻ ትለወጣለች። ከመስተዋቱ ፊት ቆማ ጓደኛዋን ቁርጥ ራሷን በመምሰሏ ትደሰታለች። ደስታዋ እውነተኛ ነው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ተሸናፊ ገጸ ባሕርይ ናት ብለን ብናልፋት፣ ሽንፈቱን ሽንፈት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በታሪኩ ውስጥ አለመቅረቱን እንስታለን። ያወቀችው ሴት ሄዳለች፤ የሚያስታውሳት ተመልካቹ ብቻ ነው።

ዋንዳ ደን ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከደራሲው ጋር የማልስማማባት ገጸ ባሕርይ ናት። «በጨለማው ውስጥ ምንም የለም» (1962) በጆርጅ ክሌይተን ጆንሰን የተጻፈ ነው። ዋንዳ (ግላዲስ ኩፐር) ሊፈርስ በተፈረደበት ሕንጻ ምድር ቤት በሯን ቆልፋ የምትኖር አሮጊት ናት። ዓመታት ወደ ኋላ በአውቶብስ ስትሄድ አንድ ወጣት አንዲትን አሮጊት ሲነካትና ሴትዮዋ ስትሞት አይታለች፤ ሞት በየጊዜው መልኩን እየለወጠ እንደሚመጣ የደረሰችበት ያኔ ነው። ስለዚህ ለማንም አትከፍትም። አንድ ቀን የቆሰለ ወጣት ፖሊስ በሯ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ እምብዛም ያልታወቀው ሮበርት ሬድፎርድ ነው የሚጫወተው። ይለምናታል። ትከራከራለች፣ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻ ትከፍትለታለች። ሻይ ትሰጠዋለች፤ ከሰው ጋር መነጋገር ምን እንደሚመስል ረስታው ነበር።

በኋላ የሕንጻ ተቋራጩ በሩን ገፍቶ ይገባል፤ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ እንዳለበት በትሕትና ያስረዳታል። ሰውየው አልጋው ላይ የተኛውን ፖሊስ አያየውም። ዋንዳ ወደ መስተዋቱ ስትመለከት ወጣቱ እዚያ ውስጥ የለም። ሞት እሱ ነው። እጁን ይዘረጋላታል፤ ስትነካው የሚያስፈራት ሁሉ ያለ ሕመም እንዳለፈ፣ የገዛ አካሏም አልጋው ላይ እንደተኛ ታያለች፤ አብረው ወደ ብርሃኑ ይወጣሉ። ደራሲው ሊነግረን የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ ፍርሃቷ ከንቱ ነበር፣ ዕድሜዋን በጨለማ አባከነችው።

ታሪኩን ግን ደግመን እንየው። ዋንዳ ሞት እየተዘዋወረ ነው አለች፤ እውነት ነበር። መልኩን ይለውጣል አለች፤ ለውጦ መጣ። ከነካኝ እሞታለሁ አለች፤ ነካት፣ ሞተች። ርኅራኄዬን መግቢያ ያደርገዋል ብላ ሠጋች፤ በርኅራኄዋ ገባ። በታሪኩ ውስጥ ከተናገረችው ሁሉ አንድም ስሕተት የለም። ተቋራጩ እብድ ናት ብሎ አሰበ፤ ያላየው ግን እሱ ነው። እንግዲህ ሞት በመጨረሻ ለስላሳ ሆኖ መገኘቱ ያወቀችውን ሐሰት አያደርገውም። ድራማው ሊያሳምናት ሲሞክር እኔን ለእሷ ያደላልኛል፤ በኩፐር ትወና ደግሞ ዋንዳ በመጨረሻ የምትሰጠው እጅ የተሳሳተ ሰው እጅ አይመስልም፤ ትክክል ሆኖ የደከመው ሰው እጅ ይመስላል። (ኩፐር በ1964 «የሌሊት ጥሪ» በተባለው ክፍል በዊልቸር የምትኖር ሌላ አሮጊት ሆና ተጫውታለች፤ እሱም መታየት የሚገባው ነው፣ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አሁን ወደ ተማሪዬ ሴትዮ እንመለስ። «ወራሪዎቹ» (1961) ማቲሰን የጻፈው፣ ሄይስ ያዘጋጀው ክፍል ነው። መብራት እንኳ ባልገባበት ገለልተኛ ቤት አንዲት ሴት ብቻዋን ትኖራለች። ተራኪው ጠንካራና ገራገር ይላታል፤ እስከ ዛሬ የነበረባት ችግር የዕለት ምግብ ማግኘት ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። ስሟን አይነግረንም። ጣራዋ ላይ አንድ ነገር ይወድቃል። በመሰላል ስትወጣ አንድ ሳህን መሳይ በራሪ ነገር ታያለች፤ ከውስጡ ስንዝር የማይሞሉ ሁለት ፍጥረታት ይወጣሉ። በትናንሽ መሣሪያዎቻቸው ቆዳዋን ያቃጥሉታል፤ የገዛ ቢላዋዋን ወስደው ይወጓታል። በመጨረሻ አንዱን በብርድ ልብስ ትይዘውና ቀጥቅጣ እሳት ውስጥ ትጥለዋለች፤ መጥረቢያ ይዛ ጣራ ላይ ትወጣለች። የሰው ድምፅ የምንሰማው ያን ጊዜ ነው። ከመርከቧ ውስጥ አንድ ወንድ በእንግሊዝኛ ባልደረባው መሞቱን፣ ፕላኔቷ የግዙፋን አገር መሆኗን፣ ማንም ተከትሎ እንዳይመጣ ይናገራል። ከዚያ በመርከቧ ላይ የተጻፈውን እናነባለን፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ናት።

ይህን ክፍል በግልባጩ ብቻ ለሚያስታውስ ሰው ሴትዮዋ የማታለያ ዕቃ ናት። እኔም ሳላየው እንዲያ ነበር የገመትኳት። ነገር ግን የተጫወተቻት አግነስ ሙርሄድ ናት። ሙርሄድ በራዲዮ ዘመን እጅግ የታወቀችው በ1943 በተላለፈ፣ በስልክ ተነጋግራ የገዛ ግድያዋን ሴራ በሰማች ሴት ድራማ ነው፤ ያንን የጻፈችው ያችው የናን አዳምስ እናት ልንላት የምንችል ሉሲል ፍሌቸር ናት። እዚያ አካል የለም፣ ሁሉም ድምፅ ነው። እዚህ ቃል የለም፣ ሁሉም አካል ነው። በእጆቿ ታዳምጣለች። ቢላዋ ስትፈልግ፣ ቁስሏን በውኃ ስታቀዘቅዝ፣ በሩን በትከሻዋ ስትደግፍ ምን እንደምታስብ እናውቃለን። ቃል ግን የለም እንጂ ድምፅ የለም ማለት አይደለም፤ ታቃስታለች፣ ትጮኻለች፣ በንዴት ታጉረመርማለች።

ቋንቋ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማን እንደሆነ ልብ እንበል። ቃል ያላቸው ወራሪዎቹ ናቸው፤ የክፍሉም ርዕስ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ ማንን እንደሚጠራ አንጠይቅም። እነሱ ስለ እሷ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ግዙፍ መሆኗን። ቤቷ መግባታቸውን፣ ማቃጠላቸውን፣ መውጋታቸውን አይናገሩም። የተፈጸመውን ነገር በትክክል የተረዳች አንዲት ሰው ናት፤ ቤቴ ገቡ፣ ጎዱኝ፣ አስወጣኋቸው። ተራኪው እንኳ ሲዘጋው የሚያነሣው ከትንሿ ምድር ወደ ከዋክብት ስለተነሡትና ስለከፈሉት ዋጋ ነው፤ እሷን ረስቷታል። በመግቢያው ችግሯ ምግብ ብቻ ነው ያለን ተራኪ በመዝጊያው ጭራሽ አያነሣትም። ሙሉ ሃያ ደቂቃ አብረናት የፈራነው ተመልካቾች ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ ወገናችን በራሪው ሳህን ውስጥ ያለው መሆኑ ሲነገረን፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወገንን ለመምረጥ እንገደዳለን። እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ።

ስም የላትም ብዬ ነበር። ስም የሚሰጥ ሰው በአጠገቧ የለም፤ ለራሷ ደግሞ ስሟን መንገር አያስፈልጋትም። የኋላ ታሪክ የላትም ብዬ ነበር። የእጆቿ አያያዝ፣ ቤቱን በጨለማ ማወቋ፣ መሰላሉን ስትወጣ የምትረግጥበት ቦታ ታሪኳ ነው። ምልልስ የላትም ያልኩት ብቻ እውነት ነው፤ ምልልስ ሁለት ሰው ይፈልጋልና።

ተማሪዋ ወረቀቷን ሳትወስድ ነበር የተመረቀችው። አሁን በመሳቢያዬ አለ። ከቀይ ጥያቄዬ ግርጌ፣ ወረቀቱን ለማየት በመጣችበት ቀን መሆን አለበት፣ በእርሳስ በደቃቅ ጽሕፈት የመለሰችልኝን ያየሁት ድራማውን ከተመለከትኩ በኋላ ነው። «መምህር፣ አልተናገረችም እንጂ ዝም አላለችም» ይላል። ውጤቱ ከተመዘገበ ቆይቷል። በሚቀጥለው ሴሚስተር «ወራሪዎቹ»ን ለክፍሉ አሳያለሁ፤ ከማሳየቴ በፊት ግን ተራኪው የሚናገረውን መግቢያና መዝጊያ ድምፁን ዘግቼ አልፈዋለሁ።